ሳል የያዘው ትራክተር

የአባቴ ትራክተር በዕድሜ ይበልጠኛል። ድሮ ቀይ ነበር ይባላል፤ እኔ ግን ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ የማውቀው የዝገት መልኩን ነው። አባቴ በወጣትነቱ የመንግሥት እርሻ ሾፌር ነበር። እርሻው ሲዳከምና ያረጁት ማሽኖች በጨረታ ሲሸጡ፣ ለዓመታት ሲነዳው የኖረውን ትራክተር ራሱ ገዛውና ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ወደምትገኘው መንደራችን እየነዳ መጣ። እናቴ ጥማድ በሬ የሚገዛ መስሏት በረቱን አስጠርጋ ነበር የጠበቀችው። በኋላ ይህንን ሁልጊዜ እያነሣች ትስቅበት ነበር።

አባቴ ወንድ ልጅ አልወለደም። ስለዚህ ቁልፍ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። የእሱ እጅ የማይገባበት ቦታ የኔ ቀጭን እጅ ይገባል። ያስተማረኝም ቁጭ ብሎ እያስረዳ አልነበረም፤ እየተቆጣ ነው። የተሳሳተ ቁልፍ ካቀበልኩት ቀና ብሎ ሳያየኝ መልሶ ይወረውረዋል። እኔም ያንን ቁጣውን ሳልወርሰው አልቀረሁም፤ ቢሮ ውስጥ የሚያውቁኝ ይመሰክራሉ።

አንድ ሕግ ነበረው። ሞተር ሲያስቸግር ሌላ ነገር ከመንካት በፊት ናፍጣ መኖሩን ማየት ነው። የትራክተሩ የነዳጅ መለኪያ እኔ ሳልወለድ ነው ሥራ ያቆመው። ስለዚህ ከወንበሩ ሥር የምትቀመጥ አንዲት የተላጠች የቀርከሃ በትር ነበረችው። የታንከሩን ክዳን ይከፍታል፣ በትሯን ወደ ውስጥ ይሰዳል፣ አውጥቶ የረጠበውን ያያል፣ ክዳኑን ይመልሳል። ሌላው ሥራ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ሕግ እሱ ካረፈ በኋላ በመጣው ታኅሣሥ እንዴት እንዳሠቃየኝ ቢያይ ምን ይል እንደነበር አላውቅም።

አባቴ ያረፈው በክረምቱ መግቢያ ነው። ብዙ አልታመመም፤ ተኛ ሲሉኝ ከምሠራበት ከፍኖተ ሰላም ተነሥቼ ስመጣ ደክሞ አገኘሁት፣ ብዙም ሳይቆይ ሄደ። አርባው ከወጣ በኋላ አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ እናቴንና እኔን አንድ ላይ አስቀምጦ ነገሩን በቀስታ አነሣው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ መልስ መስጠቱ ይቀለን ነበር።

«እትዬ፣» አላት እናቴን፣ «ብቻዎን ይህን ሁሉ እንዴት ይችሉታል። መሬቱን እኔ እያረስሁ እኩሉን አስገባለሁ። ትራክተሩንም መራዊ የሚፈልገው ሰው አለ። አንቱ ከልጅዎ ጋር ፍኖተ ሰላም ገብተው ይረፉ።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ደግ አስበሃል፣» አለችው። «ግን የዘንድሮው በቆሎ በሳቸው ትራክተር ተፈልፍሎ ጎተራዬ ከገባ፣ እኔ ከዚህ ቤት አልነቃነቅም። ትራክተሩ እምቢ ካለ ደግሞ እንዳላችሁ። ተሸክማችሁም ቢሆን ውሰዱኝ።»

አጎቴ ተስማማ። እናቴ ቃሏን እንደማታጥፍ እሱም እኔም እናውቃለን።

እኔ ዘንድ መምጣቷን ጠልቼ አይደለም። አንድ ጊዜ ለዓይኗ ሕክምና መጥታ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ከኔ ጋር ሰንብታ ነበር። ቀኑን ሙሉ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትውላለች። አከራዮቼ ውኃ አባከነች እንዳይሏት ፈርታ እጇን እንኳ በጠብታ ነው የምትታጠበው። ማታ ማታ «እዚህ አገር ፀሐይ በየት በኩል ነው የምትገባው?» ትለኛለች። አሳያታለሁ፤ የምታየው የግቢውን ግንብ ነው። በማግስቱ መልሳ ትጠይቀኛለች። በቆሎው ካልገባ እናቴን ወስጄ ግንብ እያሳየሁ እንደማኖራት አውቅ ነበር፤ ይህም እንቅልፍ ነሥቶኝ ሰነበተ።

ቀኑ ሲደርስ ከቢሮ ፈቃድ ወሰድኩ። ባትሪውን ፍኖተ ሰላም ቻርጅ አስደርጌ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ ታቅፌው፣ በስንት ልመና ያገኘሁትን አንድ ጀሪካን ናፍጣ ከእግሬ ሥር አድርጌ መጣሁ። በዚያ ሰሞን ናፍጣ የሚገኘው በዕድል ነበር፤ መንገዱም አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። የደቦው ሰው ቀድሞኝ ደርሷል። በግቢው መካከል ሸራ ተነጥፏል። ከሸራው ጎን በቆሎው ሳይፈለፈል ከነራሱ ተከምሮ የጣራውን ጠርዝ ሊነካ ምንም አልቀረው። አባቴ ቡሬ ብየዳ ቤት ያሠራው መፈልፈያ ከትራክተሩ ጋር በረጅም የጎማ ቀበቶ፣ በቺንጊያ፣ ተያይዞ ይጠብቀኛል።

ደቦ አንድ ጊዜ ነው የሚጠራው። ጠላው ተጠምቆ፣ ወጡ ተሠርቶ ሰው ከመጣ በኋላ «ዛሬ አልሆነልንም፣ ነገ ኑልን» አይባልም። ነገ ደግሞ የአጥቢያችን ታቦት የሚነግሥበት ቀን ስለሆነ ማንም እጁን ሥራ ላይ አያሳርፍም። ከንግሡ በኋላ ያለው ቀን የሌላ ሰው ተራ ነው። ይባስ ብሎ ሰማዩ አላማረኝም። በታኅሣሥ መታየት የሌለበት ጥቁር ደመና በምዕራብ በኩል ተደርድሯል። የተፈለፈለ በቆሎ ዝናብ ካገኘው ይሻግታል፤ ያልተፈለፈለውም ክምሩ ውስጥ ውኃ ከገባ ዕጣው ያው ነው።

ትራክተሩ አባቴ ካቆመበት ቦታ አልተነካም። ባትሪውን አሰርኩ፣ ዘይቱን አየሁ፣ ራዲያተሩን ሞላሁ። ከዚያ በሕጉ መሠረት የናፍጣውን ክዳን ከፍቼ በትሯን ሰደድኩ። እስከ አፉ ሙሉ ነው። አባቴ ክረምት ሲገባ ታንከሩን ሁልጊዜ ይሞላው ነበር፤ ጎዶሎ ታንከር በብርድ ያልበዋል፣ ላቡ ውኃ ሆኖ ሞተር ይገድላል ይላል። ያን ዓመትም ቡሬ ማደያ ተሰልፎ አድሮ፣ በጀሪካን እየቀዳ አምጥቶ ሞልቶት ነው የተኛው። እኔ ያመጣሁት ጀሪካን ሳይከፈት ግድግዳው ሥር ተቀመጠ።

ሞተሩ ወዲያው ተነሣ። ነጭ ጭስ ተፋ፣ ቀጥሎ ጠራ፣ የማውቀው ድምፅ ግቢውን ሞላው። እናቴ ከበሩ መቃን ጋር ተጣብቃ ቆማ ነበር፤ ከአባቴ ለቅሶ ወዲህ ያን ድምፅ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ «አባትሽ ወንድ ልጅ አልወለደም ያለው ማነው?» አሉኝ። ሳቅሁ። በዚያች ሰዓት መሳቅ እችል ነበር።

ወንዶቹ በቆሎውን በቅርጫት እያፈሱ መፈልፈያው አፍ ውስጥ ይከታሉ፤ ፍሬው በአንድ በኩል፣ ባዶው ራስ በሌላ በኩል ይወጣል። ዘፈኑ ደምቋል። ጥቂት ጆንያ እንደሞላን ድምፁ ሳሳ። ሌላ ሰው አልሰማውም፤ እኔ ሰማሁት። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ደግሞ ከፍ ይላል። ቺንጊያው መርገብገብ ጀመረ። ከዚያ ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳለና ጸጥ አለ። መፈልፈያው በቆሎ እንደጎረሰ ቀረ።

ክዳኑን ከፈትኩ። ጠንክሮብኝ ስለነበር በጨርቅ ይዤ ነው የጠመዘዝኩት፤ ዝገት ነው ብዬ አለፍኩት። በትሯን ሰደድኩ። ናፍጣ ሞልቷል። ክዳኑን መልሼ አየር ገብቶ ይሆናል አልኩ፤ ቆሞ የከረመ ሞተር ላይ ይህ የተለመደ ነው። ከናፍጣ ማጣሪያው ከፊልትሮው ላይ ያለችውን ቡሎን አላላሁና የእጅ ፖምፓውን እየገፋሁ አረፋው አልቆ ንጹሕ ናፍጣ እስኪወጣ ጠበቅሁ። ቡሎኗን አጠበቅሁ። ሞተሩን ቀሰቀስኩት፤ ተነሣ፤ ደህና ነው። ሰዉ «እሰይ የኔ ልጅ» አለኝ። እኔም በልቤ ራሴን አሞገስኩ።

ሙገሳው ሳይቀዘቅዝ ድምፁ እንደገና ሳሳ። ከፍ፣ ዝቅ፣ ሳል፣ ጸጥ።

እንደገና ክዳን ከፈትኩ፣ በትር ሰደድኩ፣ ክዳን ዘጋሁ። አሁን ውኃ ነው አልኩ። ከፊልትሮው ሥር ያለችውን የመስታወት ኩባያ ፈትቼ ብርሃን ላይ ሳያት እውነትም ከታች ውኃና ዝቃጭ አገኘሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ። በሽታውን በእጄ የያዝኩት መሰለኝ። አባቴ በላስቲክ ጠቅልሎ ያስቀመጠውን አዲስ ፊልትሮ እናቴ ከአልጋ ሥር አውጥታ ሰጠችኝ። ቀየርኩት፣ አየሩን አወጣሁ፣ አስነሣሁ። ሞተሩ እንደ ድሮው ዘፈነ። አጎቴ ሳይቀር ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ።

ያኔ ነው መፍራት የጀመርኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሞተሩ ደህና እየሠራ ሳለ ቁልፉን ከእጄ ማስቀመጥ አቃተኝ። ሰው ያወራኛል፣ እኔ አልሰማም፤ ጆሮዬ እሱ ላይ ነው። ደመናው ከተራራው ወዲህ ተሻግሯል። ንፋሱ ተነሥቶ የበቆሎውን ገለባ ግቢው ውስጥ ያዞረዋል። በቃ፣ አሁን ይስላል እያልኩ ስጠብቅ እውነትም ሳለና ቆመ። ስድብ ከአፌ አመለጠኝ፤ ደቦው ፊት ሴት ልጅ የማትለው ስድብ ነው። ሽማግሌው ያልሰሙ መስለው ወደ ደመናው አዩ።

ቡሬ ያለውን መካኒክ ደወልኩለት። አባቴን የሚያውቅ ሰው ነው። መንገዱ እኔ ካለፍኩ በኋላ ስለተዘጋ መምጣት አልቻለም። ኔትወርክ የሚገኘው ከጓሮው ባሕር ዛፍ ሥር ብቻ ነው፤ እዚያ ሆኜ እየጮኽሁ ነገርኩት።

«ጭሱ ምን ይመስላል?» አለኝ።

«ጥቁርም ነጭም አይደለም። ሲዳከም ጭርሱን ይጠፋል።»

«እንግዲያው ናፍጣ አልደረሰውም። ከፖምፓው ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን ቧንቧዎች ተራ በተራ አላዪያቸው። አንዱን ስታላይ ሞተሩ ምንም ለውጥ ካላሳየ፣ የታመመው እሱ ነው።»

ሮጬ ተመለስኩ። ከፈትኩ፣ በትር ሰደድኩ፣ ዘጋሁ፣ አየር አወጣሁ፣ አስነሣሁ። ቧንቧዎቹን ተራ በተራ አላላሁ፤ ናፍጣው ፊቴ ላይ ይረጫል። አንዱን ባላላሁ ቁጥር ሞተሩ ይንገጫገጫል፤ ስመልሰው ይስተካከላል። ሁሉም ጤነኛ ናቸው። አንዱ ቢታመም በተሻለኝ። ወደ ባሕር ዛፉ ሮጥኩ።

«ሁሉም ደህና ነው?» አለ። «እንግዲያ ዋናው ፖምፓ ነዋ። እሱ ከሆነ ባሕር ዳር መውረድ አለበት፣ እዚያ ነው የሚ...»

መስመሩ ተቋረጠ። ብደውል ብደውል አልተነሣም።

ባሕር ዛፉ ሥር ቆሜ ማልቀስ አማረኝ። ፖምፓ ማለት ዛሬም ነገም በዚህ ወርም የለም ማለት ነው። ፖምፓ ማለት መራዊ ያለው ሰውዬ ማለት ነው።

ግቢው ስመለስ ወንዶቹ ሞተሩን ትተው ክምሩን በዱላ መውቃት ጀምረዋል። አጎቴ ነው ያዘዛቸው። ከፊሉን ሰው ላስቲክ ፍለጋ ወደ ጎረቤት ልኳል። ያ ሁሉ በቆሎ በዱላ ተወቅቶ ደመናውን እንደማይቀድመው እሱም ያውቃል፤ ዝም ብሎ ላለመቆም ነው።

«ልጄ፣» አለኝ ጠጋ ብሎ፣ «ደክሞሻል። ወንድም ጋሼም በመጨረሻ ጊዜ ይኼ ነገር አርጅቷል ሲሉ ነበር። የደከመን ነገር ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ጋሼ፣ አንቱ ዱላዎን ይያዙ፣ እኔ ቁልፌን ልያዝ፣» አልኩት። እንዲህ ብዬ ተናግሬው አላውቅም። ወደ ክምሩ ተመለሰ፤ እኔም ወዲያው ቆጨኝ።

ፊቴን የናፍጣው ርጭት አቃጥሎት ስለነበር ለመታጠብ ወደ ቤት ገባሁ። እናቴ ውስጥ ናት። ሳጥኗን ከፍታ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ የነበረውን የአባቴን ጋቢ አውርዳ ታጥፈዋለች። ጫፉን ከጫፉ እየገጠመች፣ በመዳፏ እየዳበሰች፣ ጊዜ ሰጥታ ነው የምታጥፈው።

«ምን ትሠሪያለሽ፣ እማዬ?»

«ምንም። ብል በልቶት እንደሆን እያየሁት ነው።»

ከጋቢው ሥር የክት ቀሚሷ ተጣጥፎ ሳጥኑ ውስጥ ገብቷል፤ ከሱ ሥር ደግሞ የጸሎት መጽሐፏ። ብል እንደማትፈልግ ገባኝ። ሰው ሳያዛት፣ ሰው ሳያሳፍራት፣ በራሷ እጅ ዕቃዋን እየሸከፈች ነው። ፊቴን ሳልታጠብ ተመልሼ ወጣሁ።

ሞተሩን አስነሣሁት። ለምን እንዳስነሣሁት አላውቅም፤ ሊሠራ ለሚችለው ጥቂት ጊዜ ይሥራ ብዬ ነው። ወንዶቹ ዱላቸውን ጥለው ቅርጫታቸውን አነሡ። እኔ ከትራክተሩ ጎን ቆሜ ጆሮዬን ሰጠሁት። ሠራ፣ ሠራ፣ ከዚያ መሳሳት ጀመረ። ከፍ፣ ዝቅ። በዚህ ጊዜ እስኪቆም መጠበቅ አልቻልኩም። ትዕግሥት ኖሮኝ አያውቅም። የያዝኩትን ጨርቅ ክዳኑ ላይ ጠቅልዬ፣ ሞተሩ እየሳለ ሳለ፣ በንዴት ጠመዘዝኩት። ናፍጣው ስንት እንደጎደለ አይቼ ቁርጤን ልወቅ ብዬ ነው።

ክዳኑ ሲላላ ከእጄ ሥር አየር ወደ ውስጥ ሲገባ ተሰማኝ። ጨርቁን ሳይቀር ወደ ታች ሳበው። እና ሞተሩ፣ ማንም ሳይነካው፣ ሳሉን ተወ።

ክዳኑን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይሠራል። ክዳኑን መልሼ አጠበቅሁና ቆየሁ። ሞተሩ መሳል ጀመረ። ከፈትኩት፤ ተሻለው። ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። ታንከሩ ከላይ አየር ካልገባለት ናፍጣው ወደ ታች መውረድ ያቅተዋል። ሞተሩን ሲያድነው የዋለው ያወጣሁት አየርም፣ የቀየርኩት ፊልትሮም፣ የደፋሁት ውኃም አልነበረም። የአባቴን ሕግ ለመጠበቅ በየጊዜው ክዳኑን ስለምከፍት፣ ሳላውቅ እያስተነፈስኩት ነው። ከዚያ ደግሞ አጥብቄ እዘጋዋለሁ። አባቴ ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ፣ ከውስጠኛው ላስቲክ፣ ቆርጦ የሠራው የክዳኑ ጎማ ትንፋሽ አያሳልፍም።

ክዳኑን ገልብጬ አየሁት። እላዩ ላይ አንዲት የአየር ቀዳዳ መኖር አለባት፤ በልጅነቴ ጣቴን አደርግባት ነበር። የለችም። አቧራውን በአውራ ጣቴ ስጠርገው ቢጫ ነገር ብቅ አለ። በጥፍሬ ፈገፈግሁት፤ ለስላሳ ነው። አሸተትኩት። ከናፍጣው ሽታ ሥር የማር ሽታ አለው። ሰም ነው። ቀጭን የጥጥ ክርም አለበት፤ የጧፍ ቁራጭ ነው። ሰው ነው በጥንቃቄ አሙቆ፣ በጣቱ ጠቅጥቆ የደፈናት።

«እማዬ፣» ብዬ ተጣራሁ፣ «ወስፌሽን አምጪልኝ።»

የስፌት ወስፌዋን ይዛ ወጣች። ልታቀብለኝ እጇን ዘርግታ፣ በእጄ የያዝኩትን ክዳንና አውራ ጣቴ ላይ የቀረውን ሰም አየች። እጇ ባለበት ቆመ። ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሰዉ ሁሉ ዙሪያችንን ከቦናል። ወስፌውን ከጣቶቿ ውስጥ ቀስ ብዬ ወሰድኩና ቀዳዳዋን ወጋሁ። ሰሙ ተሰባብሮ ወጣ። ክዳኑን አፌ ላይ አድርጌ ነፋሁበት፤ ትንፋሼ ወዲያ ማዶ ወጣ።

«ምን ኖሮበት ነው?» አለኝ አጎቴ።

«አቧራ ነው፣ ጋሼ። ክረምቱን የተጠራቀመ አቧራ።»

እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ ወደ ቤት ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ሞተሩ አልሳለም። እኔ ግን አላመንኩትም፤ መፈልፈያው ባዶ እስኪሆን ድረስ እጄን ከታንከሩ ላይ ሳላነሣ፣ ከሱ ጋር ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ። ወንዶቹ ያለ ዘፈን ነው የሠሩት፤ ለመዝፈን ጊዜ አልነበረም። የመጨረሻው ቅርጫት መፈልፈያው ውስጥ ሲገባ ትልልቅ የዝናብ ጠብታ ሸራው ላይ መውደቅ ጀመረ። ጆንያው ቅብብል ሆነ፤ ሽማግሌው ሳይቀሩ ተሸክመዋል። ከሥር የቀረው ጥቂት ፍሬ ረጠበ እንጂ ሌላው ደረቁን ገባ። አጎቴ ጎተራውን ራሱ ከደነው። ሲወርድ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ «በይ እንግዲህ፣ የመራዊውን ሰውዬ እኔ እነግረዋለሁ» አለኝ። ስለ ዱላው ይቅርታ ልጠይቀው ስል እጁን አወዛወዘብኝ።

ደቦው በልቶ ጠጥቶ መርቆ ሄደ። ዝናቡ አባርቶ ምዕራቡ ቀልቷል። ትራክተሩ አጠገብ ባለው ግንድ ላይ ተቀምጬ እጄን በገለባ ስጠርግ እናቴ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች።

«እኔ ነኝ፣» አለች።

«አውቄያለሁ፣ እማዬ።»

«አቧራ ነው አልሽላቸው።»

«ምን ልበላቸው ኖሯል?»

የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች ትራክተሩን አየችው። «ሞልተውት ነው የተኙት። ሞልተው ገብተው እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ነው ብርድ ብርድ ይለኛል ያሉኝ። ከዚያ ክረምቱን በዚህ ባለፍኩ ቁጥር በዚያች ቀዳዳ ሽታው ይመጣል። የልብሳቸው ሽታ ነው፤ ሌላ ነገር አይደለም። ለቅሶ የመጣ አንድ ሰው ደግሞ ናፍጣ ቆሞ ከከረመ ይተናል፣ እየቀነሰ ይሄዳል አለኝ። እኔ እንዲሄድ አልፈለግሁም። ሰም አሙቄ የማር ቅል እንደምደፍነው ደፈንኳት።» ወደ ታንከሩ ቀና ብላ «ሞተር መተንፈስ እንዳለበት በምን ልወቅ፣ ልጄ» አለች።

እጇን ያዝኩ፤ እሷም የናፍጣ እጄን አልጠላችውም።

«አሁንስ ናፍጣቸው አለቀ?» አለችኝ።

ከወንበሩ ሥር በትሯን አወጣሁ። ክዳኑን ከፍቼ ሰደድኳትና አሳየኋት። ጫፏ ብቻ ረጥቧል።

«ከታች ትንሽ ቀርቷል። ሌላው ዛሬ ነደደ።»

ግድግዳው ሥር ወዳለው ጀሪካን አየች። «ያንቺስ?»

«የኔ አልተከፈተም።»

በትሯን ከእጄ ወሰደች። የረጠበውን ጫፍ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ዓይኗን ጨፈነች።

«እንግዲያ በቆሎውን ያስገቡልኝ ራሳቸው ናቸው በይኛ፣» አለች።

«ራሱ ነው፣ እማዬ።»

በትሯን ወደ ቦታዋ፣ ወንበሩ ሥር መለሰቻት። ከዚያ ወደ ቤት ገባች። የሳጥኑ ክዳን ሲከፈት ሰማሁ። ተከትያት ስገባ የአባቴን ጋቢ አውጥታ፣ እጥፋቱን ፈትታ፣ ግድግዳው ላይ ወደነበረበት እየሰቀለችው ነበር።